የመጨረሻዋን ውርወራ ተዉአትና ተራውን ቁጠሩ

እንደምን አመሻችሁ። አንድ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድን ከሜዳው ውጭ በአንድ ወይም በሁለት ነጥብ ሲሸነፍ፣ በማግስቱ ደጋፊው የሚያነሳው ጥያቄ ሁልጊዜ ያው ነው፦ የመጨረሻዋን ኳስ ለምን እሱ ወረወረ? ዳኛው ፋውሉን ለምን አልነፋም? ሁለቱም ጥያቄዎች ጨዋታው ካለቀ በኋላ በጭንቅላታችን ውስጥ ከቀረው ምስል የሚመጡ ናቸው። ሽንፈቱ የተሠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ማንም ልብ ባላለው ሁለትና ሦስት ደቂቃ ውስጥ ነው። ይህን ለማሳየት በኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ታሪክ በጣም ከታወቁት የአንድ ነጥብ ሽንፈቶች አንዱን አንስቼ፣ ከዚያ ዛሬ የምናያቸውን ጨዋታዎች በምን ሚዛን እንደምንመዝን እናያለን።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 1974፣ ቅዳሜ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 1966፣ የጥምቀት ዕለት። ቦታው ኢንዲያና ግዛት፣ ሳውዝ ቤንድ ከተማ፣ የኖተር ዴም ዩኒቨርሲቲ ሜዳ። እንግዳው ቡድን የሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ ዩሲኤልኤ ነው፤ 88 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ የመጣ፣ በአሰልጣኝ ጆን ዉደን የሚመራ፣ በሀገሪቱ አንደኛ ደረጃ ላይ ያለ። ባለሜዳው ኖተር ዴም ሁለተኛ ነው። አሰልጣኙ ዲገር ፌልፕስ ይባላል። ዩሲኤልኤ ከዚያ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የተሸነፈውም እዚሁ ሜዳ ላይ፣ በጃንዋሪ 1971 ነበር። በዚህኛው የ1974 ጨዋታም ውጤቱ 71 ለ 70 ሆኖ ኖተር ዴም አሸነፈ። የማሸነፊያዋን ቅርጫት ከቀኝ ጥግ ያስቆጠረው ድዋይት ክሌይ ሲሆን ሰዓቱ 29 ሰከንድ ቀርቶት ነበር። ዩሲኤልኤ በቀረችው ጊዜ ደጋግሞ ሞከረ፣ ኳሷ አልገባም አለች።

ሰው የሚያስታውሰው የክሌይን ውርወራና የመጨረሻዎቹን የሳቱ ሙከራዎች ነው። እኛ ግን ሰዓቱን ወደ ኋላ መልሰን ከ3 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ እንጀምር። ያን ጊዜ ሰሌዳው ዩሲኤልኤ 70፣ ኖተር ዴም 59 ይላል። ልዩነቱ 11 ነጥብ ነው። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ዩሲኤልኤ አንድም ነጥብ አላገኘም፤ ኖተር ዴም 12 በተከታታይ አስቆጠረ።

መጀመሪያ የዘመኑን ሕግ እናስታውስ፤ ያለ እሱ ሂሳቡ አይገባም። በ1974 ባለ ሦስት ነጥብ መስመር አልነበረም፤ በኮሌጆች ሁሉ የተሠመረው በ1986-87 የውድድር ዘመን ነው። ቡድኑን በተወሰነ ሰከንድ ውስጥ ወርውር የሚል የውርወራ ሰዓትም አልነበረም። እሱ በ45 ሰከንድ የመጣው በ1985-86 ሲሆን በኋላ ወደ 35፣ ከ2015-16 ጀምሮ ደግሞ ወደ 30 ዝቅ ብሏል። ስለዚህ በዚያ ዘመን 11 ነጥብ ለመቅደም የሚያስፈልገው ቢያንስ ስድስት ቅርጫት ነው። ዛሬ አራት ባለ ሦስት ነጥብ ይበቃል።

አሁን አንድ ቃል እንስማማ። አንድ ቡድን ኳስ ይዞ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ በማስቆጠር፣ በመሳት ወይም በማበላሸት ኳሱን ለተጋጣሚው እስከሚያስረክብ ያለውን ጊዜ «ተራ» እንበለው። ሁለቱ ቡድኖች ኳሱን እየተቀባበሉ ስለሚሄዱ በጨዋታው መጨረሻ የተራቸው ቁጥር እኩል ወይም በአንድ በሁለት የሚበላለጥ ነው። የሚለያያቸው በእያንዳንዱ ተራ ምን አገኙበት የሚለው ብቻ ነው። ዛሬ በአንድ የኮሌጅ ጨዋታ እያንዳንዱ ቡድን 70 ተራ ገደማ ያገኛል፤ ከአንድ ተራ የሚጠበቀውም በግርድፉ አንድ ነጥብ ነው። ይህችን ግምት ያዙልኝ።

ወደ ሳውዝ ቤንድ ስንመለስ፣ ከ3:22 እስከ 0:29 ያለው ጊዜ 173 ሰከንድ ነው። በዚህ ውስጥ ኖተር ዴም ስድስት ቅርጫት አስቆጠረ፤ በስድስቱ መካከል ዩሲኤልኤ ቢያንስ አምስት ጊዜ ኳስ ይዟል። በድምሩ ቢያንስ 11 ተራ ማለት ነው። ለአንዱ ተራ በአማካይ 16 ሰከንድ እንኳ አይደርስም። የውርወራ ሰዓት በሌለበት፣ 11 ነጥብ እየመራ ላለ ቡድን ይህ እጅግ ፈጣን ነው።

እስቲ በሌላ መንገድ እናስላው። ዩሲኤልኤ በየተራው 30 ሰከንድ ኳሱን ይዞ ቢቆይና ከዚያ ምንም ሳያስቆጥር ቢያስረክብ፣ ኖተር ዴም ደግሞ በየተራው በ10 ሰከንድ ውስጥ ሳይስት ቢያስቆጥር፣ አንዱ ዙር 40 ሰከንድ ይበላል። በቀሩት 202 ሰከንዶች ኖተር ዴም የሚያገኘው አምስት ተራ ነው። አምስት ቅርጫት 10 ነጥብ፤ 59 ሲደመር 10፣ 69። ዩሲኤልኤ አንድም ነጥብ ሳይጨምር 70 ለ 69 ያሸንፍ ነበር። ተጋጣሚው ሆን ብሎ ፋውል በመሥራት ሰዓቱን ያቆም ነበር የሚል ካለ ልክ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ዩሲኤልኤ ቅጣት ምት ያገኛል። ሁለቱም መንገድ ከሆነው ነገር የተሻለ ነበር።

ታዲያ የዩሲኤልኤ አምስቱ ተራዎች የት ገቡ? ፌልፕስ በዚያች ደቂቃ ታይም አውት ጠይቆ ቢል ፓተርኖን አስወጥቶ ሬይ ማርቲንን አስገባ። ማርቲን ፈጣን ጋርድ ነው። ቡድኑ ሜዳውን ሙሉ እየተከታተለ እንዲጫን፣ ማለትም ፕሬስ እንዲሠራ ታዘዘ። የኖተር ዴሙ ጆን ሹሜት በዩሲኤልኤው ቢል ዋልተን ላይ አስቆጠረ፤ 70 ለ 61። ዩሲኤልኤ ኳሱን ከመስመር ሲያስገባ ሹሜት ራሱ ነጥቆ አስገባ፤ 70 ለ 63። ቀጥሎ አድሪያን ዳንትሊ ነጥቆ ብቻውን ሄዶ አስቆጠረ፤ 70 ለ 65። ጌሪ ብሮኮ ከርቀት ጨመረ፤ 67። የዩሲኤልኤው ኪት ዊልክስ ወደ ቅርጫት ሲገባ ተከላካይ ላይ ወጥቷል ተብሎ የማጥቃት ፋውል ተነፋበት። ብሮኮ ደገመ፤ 69። በዩሲኤልኤው ቶሚ ከርቲስ ላይ ትራቭሊንግ፣ ማለትም ኳሱን ሳያነጥር ተራምዷል ተብሎ፣ ተነፋ። ከዚያ ክሌይ በቀኝ ጥግ።

ልብ በሉ፤ ከአምስቱ ተራ አራቱ አንድም የሚቆጠር ውርወራ ሳይኖራቸው አለቁ። የሳተ ኳስ አልነበረም ችግሩ፣ የባከነ ኳስ ነው። የባከነ ኳስ ደግሞ ሁለት ዓይነት አለው፤ ደጋፊው ብዙ ጊዜ አንድ ላይ ይደምራቸዋል፣ ሊለያቸው ግን ይገባል። ትራቭሊንግና የማጥቃት ፋውል ፊሽካ ተነፍቶባቸው ጨዋታው ይቆማል፤ ቡድናችሁ ተመልሶ መከላከያውን ለመደርደር ጊዜ ያገኛል። በእጅ የተነጠቀ ወይም በአየር ላይ የተቆረጠ ኳስ ግን ጨዋታውን አያቆምም። ሁሉም አጥቂዎቻችሁ ፊታቸውን ወደ ተቃራኒው ቅርጫት አዙረዋል፣ ነጣቂው ከፊቱ ማንም የለም፣ ቀላል ሌይ አፕ ነው። የሹሜትና የዳንትሊ ንጥቂያዎች እንዲህ ነበሩ። አንድ እንዲህ ያለ ኳስ የሚያስከፍለው እናንተ ልታገኙ የነበረውን አንድ ነጥብና ተጋጣሚው በእርግጠኝነት የሚያገኘውን ሁለት ነጥብ ነው።

ለዚህ ነው ቀላሉ የሳንቲም ውርወራ ሂሳብ እዚህ የማይሠራው። አንድ ቡድን ከሁለት ተራ በአንዱ ያስቆጥራል ብንል፣ አምስት ጊዜ በተከታታይ ባዶ የመመለስ ዕድሉ ከ32 አንድ ነው። ተጋጣሚው ስድስት ጊዜ በተከታታይ የማስቆጠር ዕድሉ ከ64 አንድ። ሁለቱ ባይገናኙ ኖሮ አንድ ላይ መሆናቸው ከ2,048 አንድ ይሆን ነበር። ግን ይገናኛሉ፤ የአንዱ ብክነት የሌላውን ቅርጫት ይወልዳል። መሪነት የሚናድበት ፍጥነት ከዚህ ይመጣል።

ፕሬስ እንዴት እንደሚሰበር ትንሽ ልቆይ፣ የሽንፈት ቪዲዮ ስታዩ ዓይናችሁ የሚያርፍበትን ቦታ ስለሚወስን። ተጋጣሚ ሲያስቆጥር ኳሱን ከመስመር ውጭ የሚያስገባው ተጫዋች 5 ሰከንድ አለው፤ ቡድኑ ደግሞ መሐል መስመሩን በ10 ሰከንድ ውስጥ ማለፍ አለበት። ቅርጫት ከተቆጠረ በኋላ አስገቢው በኋላ መስመሩ ላይ ወዲያና ወዲህ መሮጥ ይፈቀድለታል፤ ከፊሽካ በኋላ ከሆነ ግን ከቆመበት መነቃነቅ የለበትም። ብዙ ቡድኖች ይህን መብት አይጠቀሙበትም። ሁለተኛው ስህተት ኳሱን ጥግ ላይ መቀበል ነው። ጥግ ላይ ያለ ተጫዋችን ሁለት ተከላካዮችና ሁለት መስመሮች ይከቡታል፤ አራት ሰው እንደ ያዘው ነው። ትክክለኛው አሰላለፍ ለተቀባዩ ሦስት መውጫ ይሰጠዋል፦ አንዱ ከኋላው፣ አንዱ በመስመሩ ዳር ወደ ፊት፣ አንዱ በሜዳው መሐል። የመሐሉ ሰው ረጅምና አይቶ የሚያቀብል ቢሆን ይመረጣል፤ ኳሱ እሱ ጋ ከደረሰ ፕሬሱ ተሰብሯል፣ ከዚያ ወዲያ ሦስት አጥቂ በሁለት ተከላካይ ላይ ነው። ቪዲዮውን ቆም እያደረጋችሁ የመሐሉ ሰው የት እንዳለ ፈልጉ። ከሌለ ወይም ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ፊት እየሮጠ ከሆነ ጥፋቱ ኳሱ የጠፋበት ልጅ ብቻ አይደለም።

ዉደን ፕሬስን ከማንም በላይ የሚያውቅ አሰልጣኝ ነበር። በ1964 ሳይሸነፍ 30 ጨዋታ አሸንፎ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሳው በ2-2-1 የዞን ፕሬስ (ሁለት ፊት፣ ሁለት መሐል፣ አንድ ኋላ ሆነው እያንዳንዳቸው ቦታ በሚጠብቁበት) ነው። በሳውዝ ቤንድ ግን ያ ሁሉ ነጥብ ሲደረደርበት ጨዋታውን በታይም አውት አላቆመም። ተጫዋቾቼ የሚያስፈልጋቸውን በልምምድ ጨርሰዋል ብሎ የሚያምን ሰው ስለነበር ይህ ልማዱ ነው፤ 88 ጨዋታ ያሸነፈውም በዚሁ ልማድ ነው። እንደ እኔ ፍርድ ታይም አውቱ የሚያስፈልገው ከ70 ለ 63 በኋላ ነበር። ምክር ለመስጠት ሳይሆን፣ የሰው ሜዳ ጩኸት ተጫዋቾቹ እንዳይሰማሙ በሚያደርግበት ሰዓት አስገቢው ማን፣ መሐል የሚቆመው ማን እንደሆነ በእጅ ለማሳየት። ዋልተንም ጀርባውን ተጎድቶ ሦስት ጨዋታ ካለፈው በኋላ የተመለሰበት ቀን ነበር። እንዲያም ሆኖ ከ14 ውርወራ 12 አስቆጥሮ 24 ነጥብ ይዟል። አንድ ተጫዋች በዚህ ደረጃ እየወረወረ ያለ ቡድን የሚያስፈልገው አንድ ነገር ኳሱ ሳይባክን እሱ ጋ መድረሱ ነው።

ስለ መጨረሻዎቹ 29 ሰከንዶች ብዙ የምለው የለኝም። ዩሲኤልኤ ሞከረ፣ ሳተ፣ የመለሱትንም ሳቱ፣ በመጨረሻ ሹሜት ያዛት። እጅግ ጥሩ ቡድን እንኳ በአንድ ተራ የማስቆጠር ዕድሉ ከግማሽ ብዙም አይርቅም፤ ግማሹን ጊዜ የሚሆነው ሆነ። ክሌይን በቀኝ ጥግ ነፃ መተው ግን ጥያቄ ያስነሳል። ከአንድ ዓመት በፊት የማርኬት ዩኒቨርሲቲ ቡድን በሜዳው በተከታታይ ያሸነፋቸውን 81 ጨዋታዎች ያቆመችው ውርወራም የእሱ ነበረች፤ ተጋጣሚ ሊያውቃት የሚገባ ነው።

የውርወራ ሰዓት መምጣቱ ነገሩን አልለወጠውም ወይ የሚል ይኖራል። ኳስ ይዞ መቀመጥን ከልክሏል፣ ብክነትን ግን አልከለከለም። ሩቅ ሳንሄድ በኤፕሪል 7 ቀን 2025 በሳን አንቶኒዮ የተደረገውን የኮሌጆች የዋንጫ ጨዋታ ተመልከቱ። ሜዳው ገለልተኛ ቢሆንም ትምህርቱ ያው ነው። ሂውስተን በሁለተኛው አጋማሽ 12 ነጥብ መርቶ በፍሎሪዳ 65 ለ 63 ተሸነፈ፤ የመጨረሻዋ ተራው ያለ ውርወራ አለቀች። ኢማኑኤል ሻርፕ ለመወርወር ዘሎ ተከላካዩ ሲደርስበት ኳሷን መሬት ላይ ለቀቃት፤ መልሶ ቢነካት ትራቭሊንግ ስለሚሆን ቆሞ ከማየት ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

አሁን የራሳችሁን ቡድን ጨዋታ እንዴት እንደምትመረምሩት። የውጤት ሰንጠረዡን ያዙና መጀመሪያ ተራውን አስሉ። ቀመሩ፦ የተወረወሩ ኳሶች፣ ሲቀነስ የማጥቃት ሪባውንድ (ቡድኑ ራሱ ስቶ መልሶ የያዛቸው ኳሶች)፣ ሲደመር የባከኑ ኳሶች፣ ሲደመር የተወረወሩ ቅጣት ምቶች በ0.475 ተባዝተው። ለምሳሌ ያህል ከራሴ አንድ ጨዋታ ልፍጠር። እንግዳው ቡድን 58 ወርውሮ 25 አስቆጠረ፣ ከእነሱ 7ቱ ባለ ሦስት፤ 9 የማጥቃት ሪባውንድ፣ 14 የባከነ ኳስ፣ ከ16 ቅጣት ምት 14 ገባለት። ተራው 58 ሲቀነስ 9፣ ሲደመር 14፣ ሲደመር 7.6፤ 70.6። ነጥቡ 71። ባለሜዳው 54 ወርውሮ 24 አስቆጠረ፣ 5ቱ ባለ ሦስት፤ 7 የማጥቃት ሪባውንድ፣ 10 የባከነ ኳስ፣ ከ28 ቅጣት ምት 20። ተራው 70.3፣ ነጥቡ 73።

የውርወራውን ጥራት ለማየት የገቡት ላይ የባለ ሦስቶቹን ግማሽ ጨምራችሁ ለተወረወሩት አካፍሉ። እንግዳው 28.5 ለ 58፣ ባለሜዳው 26.5 ለ 54፤ ሁለቱም 49.1 በመቶ። በውርወራ አልተበላለጡም። ስለዚህ «ዛሬ ልጆቹ እጃቸው አልሠራም» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይዘጋል። የቀሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ብክነት 14 ለ 10፣ የማጥቃት ሪባውንድ 9 ለ 7፣ ቅጣት ምት 16 ለ 28። አራት ተጨማሪ የባከነ ኳስ በአንድ ነጥብ ሲሰላ አራት ነጥብ ያስከፍላል፤ ሁለቱ ተጨማሪ ሪባውንዶች ከዚያ ሁለት ያህሉን ይመልሳሉ። የተሸነፈው በሁለት ነው።

ዳኛ የሚያማርረው ወንድማችን 16 ለ 28 የሚለውን ይዞ ይነሳል፤ መብቱ ነው። ግን አንድ ነገር ያጣራ። ከ28ቱ ስንቶቹ ናቸው በመጨረሻዋ ደቂቃ፣ የራሳችን ቡድን ሰዓቱን ለማቆም ሆን ብሎ በሠራው ፋውል የመጡት? ስምንቱ እንዲያ ከሆኑ የቀረው 20 ለ 16 ነው፣ ይህ ደግሞ ባለሜዳ የሚያገኘው የተለመደ ብልጫ ነው። የፋውሉን ቁጥርም በየአጋማሹ ለይታችሁ ተመልከቱ። በወንዶች ኮሌጅ ጨዋታ ከሰባተኛው ፋውል ጀምሮ የመጀመሪያው ከገባ ብቻ ሁለተኛው የሚሰጥበት ቅጣት ምት ይመጣል፤ ከአሥረኛው ጀምሮ ሁለቱም ያለ ቅድመ ሁኔታ ይሰጣሉ። 70 በመቶ ለሚያስቆጥር ልጅ የመጀመሪያው ዓይነት በአማካይ 1.19 ነጥብ ያወጣል፣ ሁለተኛው 1.4። አምስት ደቂቃ ሲቀር አሥረኛውን ፋውል የሠራ ቡድን ከዚያ በኋላ ለሚነፋበት ፋውል ሁሉ ይህን ልዩነት እየከፈለ ይሄዳል፤ ማንም ደግሞ አያስታውሰውም።

የቀረው የሜዳው ጉዳይ ነው። በኮሌጅ ቅርጫት ኳስ በራስ ሜዳ መጫወት በግርድፉ ሦስት ነጥብ ያህል ያወጣል። ስለዚህ በጠንካራ ቡድን ሜዳ በአንድ ነጥብ የተሸነፈ ቡድን፣ በገለልተኛ ሜዳ ቢሆን እኩል ወይም የተሻለ ነበር ማለት ይቻላል። ዩሲኤልኤም ከሳምንት በኋላ ኖተር ዴምን በሜዳው በፖሊ ፓቪሊዮን አግኝቶ 94 ለ 75 አሸነፈው። ያን ያየ ደጋፊ የሳውዝ ቤንዱ አንዴ የሆነ አደጋ ነው ብሎ ቢዘጋው አይፈረድበትም።

እኔ ግን መዝገቡን ገና አልዘጋም ነበር። ውጤቱ ብዙ ባይናገርም አኳኋኑ ይናገራል፦ መሪነት ይዞ ኳስ ማባከን። በፌብሩዋሪ ዩሲኤልኤ በተከታታይ ሁለት ሌሊት ከሜዳው ውጭ ተሸነፈ፣ በኦሪገን ስቴት 61 ለ 57፣ በኦሪገን 56 ለ 51። ሁለቱም በዝግታ የተጎተቱ፣ በጥቂት ተራ የተወሰኑ ጨዋታዎች ናቸው። በማርች 23 ደግሞ በግሪንስቦሮ፣ በግማሽ ፍጻሜው፣ ከኖርዝ ካሮላይና ስቴት ጋር። በሁለተኛው አጋማሽ በ11 ነጥብ መራ፤ ያው 11። ተያዘ። በሁለተኛው ጭማሪ ሰዓት 74 ለ 67 መራ። 80 ለ 77 ተሸነፈ፤ ከ1967 ጀምሮ ሰባት ዓመት በተከታታይ ያነሳው ዋንጫም በዚያው ቆመ።